ለሣር የተዘጋ ተራራ

በኢትዮጵያ ገበሬ አነጋገር ምድሪቱ በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ተከፍላ አታበቃም፤ ከደጋው በላይ፣ ሌሊት አመዳይ ሣሩን የሚያነጣበት፣ ገብስ እንኳ ለመብሰል የሚዘገይበት «ውርጭ» የሚባል አራተኛ ምድር አለ። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይህንኑ ስፍራ «አፍሮ አልፓይን» ይሉታል፤ ይኸውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ገደማ ጀምሮ ዛፍ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ሣር፣ አስታ፣ ጅብራና መሬት ለመሬት የሚሄድ ቁጥቋጦ ብቻ የሚቀሩበት የአፍሪካ ተራሮች አናት ማለት ነው። አፍሪካ ካላት እንዲህ ያለ ከፍተኛ መሬት አብዛኛው የሚገኘው በኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን የመሳሰሉ በሌላ አገር ዱር የማይገኙ እንስሳት የቀሩት በዚሁ ብርዳም ከፍታ ላይ ነው። ከእነዚህ አናቶች አንዱ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ያለው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሲሆን፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። «ጥብቅ ስፍራ» የተፈጥሮ ሀብቱ ተከልሎ የሚጠበቅ ቦታ ማለት ነው፤ «የማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ደግሞ ጠባቂው በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ራሱ መሆኑን ያመለክታል፤ ስለ ጓሳ የሚነገረው ቁም ነገርም ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች አንዲት ቃል ነው።

ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማ በር ሲደርስ የደሴን አስፋልት ለቆ ወደ መንዝ ይታጠፋል፤ ከዚያም በድንጋይ ካብ የተከለሉ የገብስና የባቄላ ማሳዎችን፣ ጸጉራቸው የተንዠረገገ በጎችን፣ ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የተሠራውን ባና የተከናነቡ እረኞችን እያየ ለሰዓታት ይጓዛል። በምሥራቅ በኩል ምድሪቱ ድንገት ተቆርጣ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ ትወርዳለች፤ በዚህ ጠርዝ ላይ የጣለ ዝናብም ወደ ምዕራብ ከፈሰሰ በጀማ በኩል ዓባይን፣ ወደ ምሥራቅ ከወረደ አዋሽን ይቀላቀላል። ጓሳ ማለት እንግዲህ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውኃ የሚለያይበት ትከሻ ነው።

«የዱር እንስሳት መጎብኛ» ሲባል በብዙ ከተሜ ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው አጥር፣ የሽቦ በርና የእያንዳንዱ እንስሳ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ነው፤ ጓሳ ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም አይጠበቅም። ማኅበረሰቡ ለእንግዳ ያሠራው ማረፊያ፣ ከየቀበሌው የተውጣጡ የማኅበረሰብ ጠባቂዎች፣ ከዚያም ወዲያ እስከ አድማስ የተዘረጋ ሣር፤ ያለው ይኸው ነው። ጎብኚው መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ያየ ይመስለዋል። ዓይኑ አንበሳና ዝሆን ሲፈልግ የኖረ ሰው በዚህ ስፍራ ለማየት ጥቂት ሰዓት መቀመጥ ያስፈልገዋል፤ ከሁሉ አስቀድሞም መታየት ያለበት በእግሩ ሥር ያለው ሣር ነው።

ስፍራው ስሙን ያገኘው ከዚህ ሣር ነው። ጓሳ በዕፅዋት ሳይንስ «ፌስቱካ» ከሚባለው ወገን የሚመደብ፣ በየቦታው እንደ ጉብታ እየተቧደነ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ሽቦ የቀጠነና የጠነከረ ሣር ነው። አንዱን የጓሳ እግር ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ የገለጠ ሰው ከላይ ያለው አመዳይ ገና ሳይሟሟ፣ በውስጡ ያለፈው ዓመት ሣር ደርቆ፣ ከሥሩም መሬቱ ደረቅና ለስላሳ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ደግሞ የጣት ስፋት ያላቸው፣ በተደጋጋሚ መረገጥ የለሰለሱ መንገዶች ተዘርግተዋል። እነዚህ የአይጦች መንገዶች ናቸው። ሜዳው ባዶ የሚመስለው ከላይ ለሚያየው ብቻ ነው፤ ከሣሩ ሥር በአይጥና በፍልፈል የተሞላ ምድር አለ፤ ፍልፈል ማለት ዕድሜውን በአብዛኛው ከመሬት በታች ጉድጓድ እየማሰ፣ የዕፅዋት ሥር እየበላ የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳ ነው። ቀይ ቀበሮ በጓሳ ላይ የቀረው ይህ ሁሉ ስላለ ነው፤ ይህ ሁሉ የቀረው ደግሞ የመንዝ ሰው ሣሩን ለቤቱ ክዳን ስለፈለገው ነው።

በእርግጥም ጓሳ ለመንዝ ሰው እንስሳ መመልከቻ ከመሆኑ በፊት የቤት ዕቃ ነበረ። በጓሳ የተከደነ ቤት ክረምቱን ሳያፈስ፣ ውርጩንም ሳያስገባ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ሣሩ ተፈትሎ ገመድ ይሆናል፣ ተጎንጉኖ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይወጣዋል፣ ተነጥፎ መኝታ ይሆናል። ከዚህም በላይ ድርቅ ሲመጣና ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱን የሚያተርፈው የጓሳ ሜዳ ነበረ። እንዲህ ያለ ሀብት ለሁሉም ክፍት ቢሆን ኖሮ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ያልቅ እንደነበር የመንዝ አባቶች ቀድመው ያወቁት ይመስላል፤ ስለዚህም «ቄሮ» የተባለውን ሥርዓት አቆሙ።

በመንዝ ቄሮ ማለት ሜዳውን የመዝጋትና የመክፈት ሥርዓት ነው። አጀማመሩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ መሠረቱም አጽመ ርስት በሚባለው የመሬት ይዞታ ላይ ያረፈ ነበር፤ አጽመ ርስት ማለት አንድ ሰው የአንድ አቅኚ አባት ዘር መሆኑን በመቁጠር የሚያገኘው የመሬት መብት ሲሆን፣ አቅኚ የሚባለውም መሬቱን መጀመሪያ ይዞ ያቀና ሰው ነው። የጓሳ አቅኚዎች አስቦና ጌራ ናቸው፤ ሜዳውም በሁለቱ ዘሮች መካከል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ወገን አለቃ እየመረጠ፣ በየአጥቢያው ደግሞ ሽማግሌዎች እያቆመ ያስተዳድረው ነበር። ዛሬ ወረዳው የሚጠራበት የጌራ ምድር ስም፣ ከማማ ምድርና ከላሎ ምድር ጋር መንዝን ለሦስት የሚከፍለው ጥንታዊ አከፋፈል አካል ሆኖ፣ ያንን ትዝታ እስከ አሁን ይዞት ይኖራል።

ሥርዓቱ ሲዘጋ በእውነት ይዘጋ ነበር። ሣሩ እስኪጎለምስ ድረስ ሜዳው እስከ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማጭድ ሳይነካው፣ ከብት ሳይገባበት ይቆያል፤ አለቃውና ሽማግሌዎቹ የሣሩን ቁመት አይተው «ደርሷል» ሲሉ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ ይነገራል፤ በበጋው በተከፈተ ጊዜም ቀድሞ አጫጁ ይገባል፣ ከብት የሚገባው ከአጫጁ በኋላ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መልሶ ይዘጋል። በተዘጋው ጊዜ ሲያጭድ የተገኘ ሰው ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱም በጓሳ አዲስ የተከደነውን ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ስለ ሥርዓቱ የተጻፉ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህ ለዛሬ ጆሮ የከበደ ፍርድ ነው። ነገር ግን ስርቆቱ የተፈጸመው በአንድ ባለቤት ላይ ሳይሆን በሁለት አባቶች ዘር ሁሉ ላይ እንደሆነ፣ የተሰረቀውም የአንድ ቀን ሣር ሳይሆን የአምስት ዓመት ትዕግሥት እንደሆነ ሲታሰብ፣ የቅጣቱ ክብደት ከየት እንደመጣ ይገባል። በጓሳ ላይ ጥልቅ ጥናት ያካሄደው ኢትዮጵያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዘለዓለም ተፈራ ይህን ሥርዓት ለዓለም የሳይንስ አንባቢ ካስተዋወቁት ቀዳሚው ሲሆን፣ ከእሱ ወዲህ ጓሳ ሕዝብ በራሱ ሕግ ተፈጥሮን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማስረዳት በየጊዜው የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኗል።

ጎብኚው ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ በገደሉ አፋፍ ላይ ቢቆይ፣ ጭላዳዎች ሌሊቱን ካሳለፉበት ገደል አንድ በአንድ እየወጡ ሜዳው ላይ ሲሰፍሩ ያያል። ጭላዳ ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሳለ ኑሮውን በአብዛኛው በሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛ እንስሳ ነው፤ ከእሱ ጋር በአንድ ወገን ይመደቡ የነበሩ ሌሎች ዝርያዎች በአንድ ወቅት በአፍሪካ ብዙ ቦታ ተሰራጭተው እንደነበር የቅሪተ አካል ግኝቶች ቢያሳዩም፣ ሁሉም ጠፍተው የቀረው እሱ ብቻ ነው። የወንዱ ትከሻ ላይ የሚነሰነሰው ጎፈርና የደረቱ ጸጉር አልባ ቀይ ቆዳ ዓይን ይስባሉ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን እጁ ነው። ጭላዳ በመቀመጫው ተቀምጦ፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እንደ ወረንጦ ገጥሞ ለምለሙን ሣር ከደረቁ እየለየ ይነቅላል፤ የነቀለውን በመዳፉ ውስጥ እያጠራቀመ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ በአጠገቡ ያለው ሲያልቅበትም ሳይነሣ በመቀመጫው ተንሸራቶ ጥቂት ወደ ፊት ይጠጋና ሥራውን ይቀጥላል። በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች በአንድነት ሲግጡ ሜዳው ከሣር መነቀል በሚወጣ ለስላሳ ድምፅ ይሞላል፤ በዚያ መካከል እናቶች ልጆቻቸውን ይቀምላሉ፣ ግልገሎች ይላፋሉ፣ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ከንፈራቸውን ገልብጠው ድዳቸውን ያሳያያሉ።

ቀይ ቀበሮ አንዳንዴ የሚታየው እነዚህ ጭላዳዎች በተሰበሰቡበት አካባቢ ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ፣ በዘር ሐረጉ ጀርባው ጥቁር ከሆነው ቀበሮ ይልቅ ለተኩላ የቀረበ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል፤ በብዙ የውጭ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ለሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1840 ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ የሰጠው ስም የሰሜን ተራሮችን የሚጠቅሰው «ካኒስ ሲሜንሲስ» ነው። ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮና ደረት፣ ረጃጅም እግሮች፣ ጫፉ የጠቆረ ጭራ አለው፤ አፈሙዙ ቀጭንና ረጅም የሆነው ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ በጓሳ ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። በዚህ ሁሉ ሰፊ ሜዳ ላይ አንዱን ማየት ስለዚህ ትልቅ ዕድል ነው።

ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ግዛቱንም በማለዳና በማታ በኅብረት እየዞረ ይጠብቃል። አደኑን ግን የሚያካሂደው ለብቻው ነው፤ ይህም በጓሳ ላይ ወደ አንድ እንግዳ ነገር አድርሶታል። በጓሳ ጭላዳዎችን ለዓመታት ሲከታተሉ ከቆዩት ከእነ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን ጋር የሠራው ተመራማሪ ቪቬክ ቬንካታራማን እ.ኤ.አ. በ2015 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከመቶ 25 ያህሉ ሙከራ ሲሆን፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ግን ከመቶ 67 ይሳካለታል። ምክንያቱ ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከመሸሸጊያቸው ስለሚያውኳቸው፣ ወይም የመንጋው እንቅስቃሴ ቀበሮውን ከአይጦቹ ዓይን ስለሚሰውረው ሊሆን ይችላል።

ይህን በቅርብ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ውሻ ብቅ ሲል እየጮኹ ወደ ገደሉ የሚሮጡት ጭላዳዎች፣ ቀይ ቀበሮው ሲገባባቸው ቀና ብለው ያዩትና ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ። እሱም ወደ መንጋው ሲቀርብ አይሮጥም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩን እያዘገመ፣ በግልገሎች አጠገብ ሳይቀር እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ግልገል ጭላዳ ለእሱ ከአይጥ የበለጠ ሥጋ ነው፤ ነገር ግን ይተወዋል። ተመራማሪዎቹ እንደዘገቡት አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ነጥቆ ነበር፤ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ ወደ መንጋውም እንዳይመለስ አደረጉት። ቀበሮ ነገ በመንጋው መካከል አይጥ ለማደን ዛሬ ግልገሉን ይተዋል፤ ገበሬም የአምስተኛውን ዓመት ክዳን ለማግኘት በአንደኛው ዓመት ማጭዱን ያስቀምጣል። ሁለቱን ማነጻጸር ለሳይንስ ሰው ከልክ ያለፈ ሊመስል ይችላል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ግን ሐሳቡ ሳይጠራ ይመጣል።

የቄሮ ሥርዓት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከኖረ በኋላ መሠረቱ የተናጋው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የካቲት የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ አጽመ ርስት አበቃ፤ የአስቦና የጌራ ዘሮች ብቸኛ መብትም አብሮ ሄደ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ፍትሕ ያመጣ መሆኑ አይካድም፤ በጓሳ ላይ ግን ሜዳውን የሚዘጋው እጅ ሲወገድ በቦታው ወዲያው የተተካ ሌላ እጅ ስላልነበረ፣ ቀድሞ ከሥርዓቱ ውጭ የነበሩ ገበሬ ማኅበራትም መብት ስላገኙ፣ ማጭዱም ከብቱም ያለ ወቅቱ ገባ። ሕዝቡ የኋላ ኋላ ያደረገው ግን ከዚህ የበለጠ ሊነገርለት የሚገባ ነው፤ አሮጌውን ሥርዓት በዘር ሐረግ ፈንታ በቀበሌ ነዋሪነት ላይ እንደገና መሥርቶ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ ጠባቂ አቁሞ ሜዳውን መልሶ መዝጋት ጀመረ፤ የክልሉ መንግሥትም ውሎ አድሮ በሕግ አጸናለት። ስለዚህ ዛሬ የቀይ ቀበሮን ዱካ የሚያሳየው ጠባቂ፣ ምናልባት ቅድመ አያቱ በዚያው ሜዳ የሣሩን ቁመት ይለካ የነበረ ሰው ነው።

አሁን ያለው ስጋት ከቀድሞው ይለያል። የቀድሞው ስጋት ሣሩ በጣም መፈለጉ ነበረ፤ የዛሬው አንዱ ስጋት ደግሞ የማይፈለግ መሆኑ ሊሆን ይችላል። በመንዝ እንደ ሌላው ገጠር ሁሉ ቆርቆሮ ክዳንን እየተካ ነው፤ ናይለን ገመድና ላስቲክም የጓሳን ገመድና ገሳ ሥራ ይዘዋል። ማንም ሰው ገበሬውን ቆርቆሮ አትከድን ሊለው አይችልም፣ አይገባምም። ሆኖም የሜዳው ሕግ የቆመው ሣሩ ለሕይወት ያስፈልጋል በሚል እምነት ላይ ስለነበረ፣ ያ እምነት ሲላላ መሬቱን ለገብስ ወይም ለድንች ማረስ የሚሻ ሰው ክርክሩን የሚመልስለት ነገር ማግኘቱ ግድ ነው። ውኃው አንዱ መልስ ነው፤ የጓሳ ሣርና ረግረግ የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ ስለሚለቁት፣ ከሥር ያሉ መንደሮች ምንጭ የሚኖረው ሜዳው ሲኖር ነው። ሁለተኛው መልስ ጎብኚው የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ይህ ግን መንገድ ሰላም ሲሆን ብቻ የሚመጣ፣ ስለዚህም ብቻውን ሊታመኑበት የማይቻል ገቢ ነው።

ከእርሻው ይልቅ ለቀበሮው የቀረበው አደጋ ግን ውሻ ነው። ውሻ ከእረኛና ከመንጋ ጋር ወደ ከፍታው ሲወጣ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ይወጣል፤ ቀይ ቀበሮም በመንጋ እየኖረ፣ ሲገናኝ አፍ ለአፍ እየተነካካ ሰላምታ ስለሚሰጥ፣ በሽታው አንዴ ከገባ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በባሌ ዌብ ሸለቆ በተከሰተው ወረርሽኝ ከሸለቆው ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በባሌ ከእልቂቱ የተረፉና የሚተኩ ሌሎች መንጋዎች ነበሩ፤ በአሥሮች የሚቆጠር ቁጥር ባለበት በጓሳ ግን እንዲህ ያለ አንድ ወረርሽኝ ብቻ ታሪኩን ሊዘጋው ይችላል። የአካባቢውን ውሾች መከተብ ስለዚህ ለሰውም ለቀበሮውም የሚጠቅም፣ ከሁሉ ሥራ መቅደም የሚገባው ሥራ ነው።

ወደ ጓሳ ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ቢሄድ ጭላዳውንም ቀበሮውንም የማየት ዕድሉ የሰፋ ይሆናል፤ ሌሊቱ እጅግ ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ይያዝ፣ ከማኅበረሰቡ ጠባቂዎችም አንዱን ይዞ ይውጣ፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ከጭላዳዎቹ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ይጠብቅ። ውሻ ያለው ሰው ግን ውሻውን ቤቱ ትቶ ይምጣ።